ጉድጓዷ ላይ «ቋ» የሚለው ድምፅ፦ የብራቾ ጎሚኒን መርምሮ መቀየር

ከቱሉ ዲምቱ አስፋልት ወርዳችሁ ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ሁለት ቦታ ላይ ሰምጧል። አንደኛዋ ጉድጓድ የውሃ መውረጃው ጋ ናት። ባለፈው ክረምት እሷን በተሻገርኩ ቁጥር ከፊት በግራ በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጥገና እሱ ነው።

ሬዲዮው አልሸፍን ሲለኝ ጋራዥ ሄድኩ። «አሞርዛተሩ አልቋል» ተባልኩ። የፊቶቹ ሁለቱም ተቀየሩ፣ ብሩም ወጣ። ማታ ወደ ቤት ስገባ እዛችው ጉድጓድ ላይ «ቋ»። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እነሱ የብራቾው ጎሚኒ (ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባው ላስቲክ) መሆኑን አገኙት፣ ቀየሩት፣ ድምፁም ጠፋ። አራት ወር ሳይሞላው ግን ተመልሶ መጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አዲሱ ጎሚኒ ተቀዷል።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በጋራዥ ሥራ የጨረሱ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የተቀደደውን ጎሚኒ እያገላበጡ አዩትና «ሲያስሩልህ መኪናዋ የት ነበረች?» አሉኝ።

«ክሪክ ላይ፣ ጋሼ።»

«ጎማው ተንጠልጥሎ?»

«አዎ።»

«በል፣ ዕቃው ጥፋት የለበትም። ጎሚኒ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። አጣመው ነው ያሰሩልህ።»

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጎረቤቶቼንም መኪና ከጋሼ ጋር ሆነን ግቢ ውስጥ ሠርተናል። ከዚህ በታች ያለው እዚያ የተማርኩት ነው። በብዛት የማወራው ስለ ቶዮታ ቪትዝና መሰሎቿ ነው፤ ሰፈሩን የሞሉት እነሱ ናቸውና። አሠራሩ ግን ለአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ይሆናል።

ጎሚኒ ሥራው ምንድነው?

ብራቾ ማለት ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ክንዱ ከአካሉ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃሉ የሚገባው ጎማ ነው ጎሚኒ። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ «ቡሽ» ሊሉት ይችላሉ። አንድ ነገር ነው።

አንዱን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት። ከውጪ የብረት ቀለበት አለው። ከውስጥ ቡሎን የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ። በሁለቱ መሃል ያለው ጎማ እንዲሁ የተወሸቀ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ውጪኛው ቀለበት ብራቾው ውስጥ በኃይል ተጨምቆ ይገባል። ውስጠኛው ቱቦ ደግሞ ቡሎኑ ሲጠብቅ ከመኪናው አካል ጋር ተነክሶ ይቀራል። እንግዲህ ሁለቱም ብረቶች ባሉበት ቆመዋል ማለት ነው። ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚጠመዘዘው መሃል ያለው ጎማ ብቻ ነው። የሚንሸራተት ነገር የለም። ስለዚህ ግራሶ አያስፈልገውም። እንዲያውም ግራሶና ዘይት ጎማውን አሳብጠው ያበሰብሱታል። «ትንሽ ግራሶ ብንቀባው ይለሰልሳል» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ እለፉት።

ቪትዝ ላይ በእያንዳንዱ የፊት ብራቾ ሁለት ጎሚኒ አለ። የፊተኛው አነስ ያለ ነው፣ እንደ ማጠፊያ ያገለግላል። የኋለኛው ትልቅ ነው። ፍሬን ስትይዙና ጉድጓድ ስትመቱ ጎማውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል የሚቀበለው እሱ ነው። በእኔ ልምድ ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው። ከነዚህ ሌላ ስታቢላይዘሩን (መኪናዋ ስትታጠፍ እንዳታጋድል ግራና ቀኙን የሚያገናኘውን ዘንግ) የሚይዙ ሁለት ጎሚኒዎች አሉ። ከኋላ ደግሞ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ጫፍና ጫፉ ላይ አንድ አንድ አለው።

ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ቁጥር አልሰጣችሁም። ጎሚኒ በመንዳት ብቻ አያልቅም፤ ቆሞም ይደርቃል። ብዙዎቻችን የምንነዳው ያገለገለ ሆኖ የገባ መኪና ነው። ጎሚኒው እኛ ጋ ሲደርስ ዕድሜው ገፍቷል። ከዚያ ኮብልስቶን ይጠብቀዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጉድጓዱን ውሃ ይሸፍነውና ጥልቀቱን የምታውቁት ከገባችሁበት በኋላ ነው።

በምን ታውቁታላችሁ?

ድምፁ የመጀመሪያው ነው፣ ግን ብቸኛው አይደለም። ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬን ስትነኩ አንድ ጊዜ «ቋ» ካለ፣ ፍሬን ለቃችሁ ነዳጅ ስትሰጡ ደግሞ ሌላ «ቋ» ካለ፣ ብራቾው ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሄደ ነው ማለት ነው። ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን፣ ነዳጅ ስትሰጡ ወደ ሌላው ጎን ከሳበች ጥርጣሬው ይጠነክራል።

እዚህ ሰፈር ያለን ሰዎች አንድ ጥሩ መፈተኛ አለን። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከደጃችን ይነሳል። ሰፈር ውስጥ በ30 ስትነዱ ደህና የምትመስል መኪና እዚያ ላይ 90 እና 100 ስትገባ ገመናዋ ይወጣል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁት መኪናዋ ትዋልላለች፣ በትንሽ በትንሹ ስታርሟት ትውላላችሁ። ነፋስ ነው ትላላችሁ። ሁልጊዜ ነፋስ አይደለም። ግን አደራ፣ ፍሬን ላይ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ ልፈትናት ብላችሁ ወደዚያ መንገድ አትውጡ።

ሦስተኛው ምልክት ጎማው ላይ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሩና የፊት ጎማውን የውስጥ ጠርዝ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ከውጪው ጠርዝ ይልቅ የተላጨ ከሆነ፣ ወይም መዳፋችሁ በአንድ አቅጣጫ ሲሄድ ለስልሶ ሲመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጭር ከሆነ፣ የጎማው አቀማመጥ ተዛብቷል። ይህን አይተው ቀጥታ አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ በማሽን ማስተካከል) የሚሄዱ አሉ። ጎሚኒው አልቆ አላይመንት ማሠራት የላላ በር ላይ ቁልፍ መቀየር ነው። ማሽኑ ላይ የተስተካከለው ከበሩ ሳይወጣ ይዛባል።

ሌላ ነገር አለመሆኑን አረጋግጡ

እኔ የከሰርኩት እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድ። ከመኪና ሥር «ቋ» የሚል ነገር ብዙ ነው። አሞርዛተር፣ የአሞርዛተሩ የላይ መቀመጫ፣ የስታቢላይዘር ሊንክ (ስታቢላይዘሩን የሚያያይዘው አጭር ዘንግ)፣ ቦል ጆይንት (ብራቾው ጎማ ተሸካሚው ላይ የሚታሰርበት መገጣጠሚያ)፣ የመሪው ቴስቲኒ (የመሪው ዘንግ ጫፍ)፣ ሁሉም ድምፅ አላቸው። መለየት የሚቻለው አንድ በአንድ ነው።

በመጀመሪያ ሰው ጥሩ። ሜዳ የሆነና ሰው የማይተላለፍበት ቦታ ላይ ረዳታችሁ ከመኪናዋ ጎን ራቅ ብሎ ይቁም፣ ፈጽሞ ከፊት ወይም ከኋላ አይሁን። እናንተ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ፊት ሄዳችሁ ፍሬን ያዝ አድርጉ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ እንዲሁ አድርጉ። ረዳቱ የሚያየው በጎማውና በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚጋርደው ቆርቆሮ) መሃል ያለውን ክፍተት ነው። ጤነኛ ጎሚኒ ትንሽ ይሰጣል፣ ለዓይን ግን ብዙም አይታይም። ጎማው ፓራፋንጎው ውስጥ ወደ ኋላ ሄድ ብሎ ሲመለስ በግልጽ ከታየ ጎሚኒው አልቋል። ሁለቱንም ጎን እዩ፤ አንዱ ለሌላው ማወዳደሪያ ነው።

ቀጥሎ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ፈልጉ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች እኩል አውጡበት። ከዚያ ተመልሳችሁ በአንድ ጎማ ብቻ፣ ጠርዝ ጠርዙን ውጡ። ድምፁ በአንድ ጎማ ስትወጡ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ስታቢላይዘሩን ተጠራጠሩ። ስታቢላይዘር የሚጠመዘዘው አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ ሲነሳ ነው። ሊንኩ ርካሽ ነው፣ መቀየሩም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ብራቾ አስቀይሮ ለካ ሊንክ ኖሯል።

እንደ አሮጌ አልጋ የሚንጫጫ ከሆነስ? ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ያዙና ክዳኑን ብሱት። የስታቢላይዘሩን ጎሚኒ አርጥቡት፣ መኪናዋን ከፊት ጫን ለቀቅ አድርጓት። ድምፁ ለጊዜው ከጠፋ አገኛችሁት። ካልጠፋ ወደሚቀጥለው ጎሚኒ ሂዱ። ዘይት አትጠቀሙ፣ ምክንያቱን ከላይ ብዬዋለሁ።

አሁን መኪናዋን አንሱ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሰፈራችን ግንባታ ስለማያጣው በየግቢው ብሎኬት ተደርድሯል፣ ለመኪና መደገፊያም ይውላል። ብሎኬት ባዶ ነው፤ ክብደት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ከመኪና ሥር የምትገቡ ከሆነ የብረት ማቆሚያ ስታንድ ያስፈልጋችኋል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መሬቱ አፈር ከሆነ፣ በተለይ በክረምት፣ ከክሪኩም ከስታንዱም ሥር ወፍራም ጣውላ አድርጉ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አፍኑ። ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋን ከጎን በትከሻችሁ ገፋ አድርጓት። የምትወድቅ ከሆነ አሁን ትውደቅ።

ጎማው ከመሬት ከተነሳ በኋላ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም ቦል ጆይንት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፤ ፍሬን ተረግጦ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከላላ ደግሞ የመሪው ቴስቲኒ። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ ብራቾው ግቡ።

የእጅ ባትሪ ያዙና ጎሚኒውን ከቅርብ እዩ። የላይ ላዩ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ያለ ነገር ብዙ መኪና ላይ አለ፤ እሱ ብቻውን አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ውስጠኛውን ቱቦ ዙሪያውን ተከትሎ የሚሄድ ጥልቅ ቅዳድ ነው። ቱቦው መሃል ላይ ካልሆነና ወደ አንድ ጎን ከተጋደመም እንዲሁ። አንዳንድ ጎሚኒ ላይ ግን ፋብሪካው ራሱ የተወው ክፍተት አለ። እሱን ቅዳድ ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ። የፋብሪካው ክፍተት ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ግራና ቀኙም ይመሳሰላል። ቅዳድ ሸካራ ነው፣ ሥርዓትም የለውም። ውስጣቸው ፈሳሽ የያዙ ጎሚኒዎች ያሏቸው መኪኖችም አሉ። እነሱ ላይ ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ ካያችሁ መቀየር ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

በመጨረሻ ረዘም ያለ ጠንካራ ብረት ወይም ትልቅ ካቻቢቴ በብራቾውና በአካሉ መሃል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ጎሚኒው ትንሽ ሰጥቶ ስትለቁት ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ብረት ከብረት ሲነካ ከተሰማችሁ፣ ወይም ስትገፉ ቅዳዱ እንደ አፍ ከተከፈተ፣ ፍለጋው እዚህ ያበቃል። በጉልበት አትግፉት። ትልቅ ብረት ይዞ የሚታገል ሰው ጤነኛውንም ጎሚኒ ያንቀሳቅሰዋል። እኔን አሞርዛተር ያስቀየረኝ ጋራዥ ይህን የሁለት ደቂቃ ሙከራ ቢሠራ ኖሮ ገንዘቤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጎሚኒውን ብቻ ወይስ ሙሉ ብራቾ?

ቦል ጆይንቱ ደህና ከሆነ፣ ብራቾው ካልተጣመመና በዝገት ካልተበላ፣ ፕሬስ (በኃይል የሚጨምቅ ማሽን) ያለው ቶርኖ ቤትም ቅርብ ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ ግዙ። ቦል ጆይንቱም እያበቃ ከሆነ ግን ጎሚኒና ቦል ጆይንት ተገጥሞለት የሚሸጠውን ሙሉ ብራቾ ብትገዙ ይሻላል። ሁለት ጊዜ ከመፍታት ያድናችኋል። የትኛውንም ብትመርጡ ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ የተመላለሱበትም መንገድ አንድ ነው።

መለዋወጫ ልትገዙ ሶማሌ ተራ ስትወርዱ «የቪትዝ ስጠኝ» አትበሉ። ቪትዝ ብዙ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችውና ከ2005 በኋላ የመጣችው ብራቾአቸው አንድ አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን መጀመሪያ ጻፉ፦ ኤስሲፒ10 ወይም ኬኤስፒ90 የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ቀኙ ወይስ ግራው፣ የፊተኛው ጎሚኒ ወይስ የኋለኛው የሚለውንም ጨምሩ። ከተቻለ አሮጌውን ፈታችሁ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ይሄ ነው፣ ይገባል» ሲላችሁ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ ለኩ። የውጪው ስፋት፣ የቡሎኑ ቀዳዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ውስጠኛው ቱቦ ከውጪኛው ቀለበት አልፎ የሚወጣው ልክ። ይህችን ማንም አያያትም። ቱቦው ካጠረ ቡሎኑ ሲጠብቅ የሚነከሰው ቱቦው መሆኑ ይቀርና አካሉ ብራቾውን ይጨምቀዋል። ሳምንት አይቆይም።

ያገለገለ ብራቾ ይሸጥላችኋል። ብረቱ ምናልባት ከአዲሱ አስመስሎ ከተሠራ ብራቾ ይሻል ይሆናል፤ ጎሚኒው ግን እናንተ መኪና ላይ ያለውን ያህል ያረጀ ነው። ከገዛችሁ ጎሚኒውን ቀይራችሁ ግጠሙት። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ ቶርኖ ላይ የሚወጣውንም ታውቁታላችሁ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ስንት መኪና አስኪዷል። የስታቢላይዘር ላይ ለጊዜው ይሆናል እላለሁ። ብራቾ ላይ ግን አልመክርም። ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይፈጫል፣ ጎማውም የሚታዘዘው ለፍሬኑ ሳይሆን ለክፍተቱ ይሆናል።

ፖሊዩሬቴን የሚባል ደረቅ ያለ ጎሚኒም አለ። ዘይት አይፈራም፣ ዕድሜውም ረዥም ነው። ግን የመንገዱን እያንዳንዷን ድንጋይ ወደ መቀመጫችሁ ያመጣላችኋል፣ የራሱን የሲሊኮን ግራሶ ካልቀባችሁትም ይጮኻል። ለእሽቅድምድም ጥሩ ነው። ለኮብልስቶን ለስላሳውን ጎማ እመርጣለሁ።

ሥራው

ማታውን ቡሎኖቹን የዝገት ማላቀቂያ እርጩባቸው፣ ይደሩበት። ጠዋት የሚያስፈልጋችሁ ክሪክ፣ ሁለት ስታንድ፣ ቡሶላ ከነረዥም እጀታው (17 እና 19 በብዛት ይሠራሉ፣ ለቶዮታ የጎማ ዳዶ 21)፣ መዶሻ፣ የብረት ብሩሽ፣ ሜትር፣ ከተገኘም ቶርክ ሜትር (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ናቸው። ቶርክ ሜትር ከጎረቤት ጋራዥ ለአንድ ቀን መለመን ነውር የለውም።

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር ለኩ። መኪናዋ ሜዳ ላይ በአራት ጎማዋ ቆማ፣ ውስጧ ሰው ሳይኖር፣ ከጎማው መሃል ነጥብ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ግራና ቀኙን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የእኔ 36 ነበር። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ይፈለጋል፣ አትዝለሉት።

የጎማ ዳዶዎቹን መሬት ላይ እያለች ላላ አድርጉ። ከዚያ ፊቷን በሁለቱም ጎን አንስታችሁ ስታንድ ላይ አሳርፏት። በአንድ ጎን ብቻ ካነሳችሁ ስታቢላይዘሩ ተጠማዞ ብራቾውን ይገፋባችኋል፣ ትግል ይሆናል። ጎማውን አውጡና ከመኪናዋ ሥር አጋድሙት። ስታንዱ ቢከዳ እሱ ይቀበላታል።

አሁን ስልክ አውጡና ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሱ። የትኛው ቡሎን ከየት በኩል እንደገባ ከሰዓት በኋላ አታስታውሱትም። እግረ መንገዳችሁን ቡሎኑ ሲወጣ የሚጋረጥበት ነገር እንዳለ እዩ። አንዳንድ መኪና ላይ ቡሎኑ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ይነካና አይወጣም። ሞተሩን የተሸከመውን ብረት ዝቅ ማድረግ ይጠይቃል። እንደዚያ ከሆነ ግቢ ውስጥ አትጀምሩት፣ ጋራዥ ውሰዱት።

የስታቢላይዘር ሊንኩ ብራቾው ላይ የታሰረ ከሆነ ፍቱት። ቦል ጆይንቱን ለማላቀቅ ዳዶው እንዳይፈታ የታጠፈችውን ሽቦ አውጡ፣ ዳዶውን እስከ ጫፍ አላሉት ግን አታውጡት። ከዚያ ቦል ጆይንቱ የገባበትን ብረት ከጎኑ በመዶሻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ጥርሱን ሳይሆን ጎኑን። ሁለት ሦስት ምት ላይ «ጠብ» ብሎ ይለቃል። ሹካ መሳይ ማላቀቂያ የሚወድ መካኒክ አለ፤ ያላቅቃል፣ ግን የቦል ጆይንቱን የጎማ ሽፋን ይቀደዋል። ቦል ጆይንቱን የማትቀይሩ ከሆነ አታስነኩት። የተላቀቀው ጎማ ተሸካሚ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ ወደ ውጪም ተስቦ ጁንቶው (ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ መገጣጠሚያ) እንዳይወጣ በገመድ እሰሩት።

ከዚያ ሁለቱን የብራቾ ቡሎኖች ፍቱ። አንዳንዴ ዳዶው ይፈታል፣ ቡሎኑ ግን ከጎሚኒው ቱቦ ጋር በዝገት ተጣብቆ አብሮ ይሽከረከራል። ደግማችሁ እርጩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ተመለሱ። እምቢ ካለ በግራይንደር መቁረጥ ነው፣ አዲስ ቡሎንም ከመጀመሪያው ጥንካሬው እኩል የሆነ ይገዛል፤ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ የተገኘ አይሆንም። እሳት ግን አታንድዱበት። ጎማው ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፣ አካባቢው ላይም ቤንዚን አለ።

ብራቾው ወጣ። ፕሬስ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የጎሚኒው አቅጣጫ የት እንደሆነ ብራቾው ላይ በመርፌ ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። ክፍተት ያለው ጎሚኒ አቅጣጫ አለው፤ ዞሮ ከገባ ለስላሳው ጎን ደረቁ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ይህን ለፕሬስ ሠራተኛው በአፍ ነግራችሁ ብቻ አትሂዱ፣ አጠገቡ ቁሙ። ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው «ገባ አይደል?» ይላል።

ፕሬስ ከሌለ ትልቅ ሞርሳ (የጠረጴዛ መቆንጠጫ) እና ሁለት የቧንቧ ቁራጭ ይበቃል። አንደኛው ቁራጭ የውጪውን ቀለበት የሚገፋ፣ ሁለተኛው አሮጌው የሚወጣበት ሰፋ ያለ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ የሚገፋው የውጪው ቀለበት ነው። ውስጠኛውን ቱቦ ከገፋችሁ ጎሚኒው ሳይገባ ተቀዷል፣ ገንዘባችሁንም ገና መኪናዋ ላይ ሳትገጥሙት ጨርሳችሁታል። የብራቾውን ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት ከዝገት አጽዱ። አዲሱ ሲገባ እንዳይቧጥጥ ትንሽ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል። ቀጥ ብሎ መጀመሩን እዩ። ጋደል ካለ አቁሙ፣ አውጡ፣ እንደገና ጀምሩ።

ወደ መኪናዋ እንመለስ። ብራቾውን ቦታው አስገቡ፣ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቡ። ዳዶዎቹን እስኪይዙ ብቻ አዙሩ። ቦል ጆይንቱን በደንብ አጥብቁ፣ አዲስ ሽቦ አድርጉለት። ሊንኩን መልሱ። ሁለቱን የብራቾ ቡሎኖች ግን ገና አታጥብቁ።

የጋሼ ትምህርት እዚህ ጋ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብራቾው ወደ ታች ወርዷል። አሁን ብታጠብቁት ውስጠኛው ቱቦ በዚያ ማዕዘን ተነክሶ ይቀራል። መኪናዋን ስታወርዱ ክንዱ ብዙ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፣ ጎሚኒውም ያን ያህል ይጠመዘዛል። መኪናዋ ቆማ እንኳ ጎሚኒው ተጠምዞ ነው የሚውለው። ጉድጓድ ሲጨመርበት መቀደዱ የጊዜ ጉዳይ ነው። የእኔ አራት ወር ፈጀ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሪኩን ከብራቾው ሥር፣ ቦል ጆይንቱ አጠገብ፣ በጣውላ ቁራጭ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሜትሩን ያዙ። ከመሃል ነጥቡ እስከ ፓራፋንጎው ስልካችሁ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ላይ ሲደርስ አቁሙ። መኪናዋ ከስታንዱ መነሳት ከጀመረች ግን አትቀጥሉ። ያኔ የሚሻለው ጎማውን ገጥሞ መኪናዋን ወፍራም ጣውላዎች ላይ በአራት ጎማዋ ማሳረፍ፣ አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ፣ ከዚያ ከጎን ተኝቶ እጅ አስገብቶ ማጥበቅ ነው። ይመቻል አልልም። ጀርባችሁ ይቆሽሻል። ግን ሁለቱም መንገድ ብራቾው መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም በሚሆንበት ቦታ ላይ ሆኖ፣ ጎሚኒው ሳይጠመዘዝ እንዲታሰር ያደርጋል።

የማጥበቂያውን ልክ ከመኪናችሁ መመሪያ ውሰዱ። ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ እዚህ አንድ ቁጥር ጽፌ አላሳስታችሁም። የጎማ ዳዶ ግን ለትንንሾቹ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ጎማው መሬት ነክቶ።

የኋላ ጎማዎቹ ጎሚኒም ትምህርቱ ያው ነው። ሁለቱንም ጎን በአንድ ላይ ዝቅ ማድረግና ልዩ መጎተቻ ስለሚፈልግ ግን ፕሬስ ላለው ጋራዥ እተወዋለሁ። ስትወስዱት «መሬት ላይ ሆና አጥብቁልኝ» በሉ። ከሳቁባችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ። ሰሞኑን የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ ሞተራቸው ዝም ቢልም ባትሪያቸው ከባድ ነው፣ ፍሬንና ጉድጓድ ላይ ከዚያ ክብደት የሚመጣውን ኃይል የሚቀበለውም ይኸው ጎሚኒ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ

መጀመሪያ በግቢው ውስጥ፣ ከዚያ በሰፈር መንገድ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ፍሬን ሞክሩ። መሪው ጠመም ብሎ ሊቆም ይችላል፣ አትደንግጡ፤ አሁን ነው አላይመንት የሚሠራው። በዚያው ሳምንት አሠሩት። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ደግሞ ሥር ገብታችሁ ቡሎኖቹን አንዴ ፈትሹ፣ የጎማ ዳዶውንም ጨምራችሁ። አዲሱን ጎሚኒ በባትሪ እዩት፦ ውስጠኛው ቱቦ መሃል ላይ ከሆነና ጎማው ካልተወጠረ በደንብ ታስሯል።

እኔ ከሠራሁት በኋላ በመጀመሪያው ማታ የውሃ መውረጃው ጋ ስደርስ ሬዲዮውን ዘጋሁት። ጎማው ጉድጓዷ ውስጥ ገብቶ ወጣ። የሰማሁት የጭቃ ውሃ ሲረጭ ብቻ ነው።